ለ3ኛ ፎቋ እትዬና ለሁላችሁም

ልጃችን ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ያለፉትን 5 ሳምንታት የኮዬ ፈጬ ጎረቤት ሁሉ ስለሚያውቃቸው አልደግማቸውም። ብጀምርም አልጨርስም።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። በዚያ ጉልበትዎ ደረጃውን ወርደው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው በየቀኑ ይመጡ ነበር። አጥሚቱ ይጣፍጣል፤ እኔን ያቆመኝ ግን እሱ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን አጠገቤ ተቀመጡ። «ምን ሆና ነው?» እንኳ አላሉኝም። ነጠላዎን ደረቡልኝና ዝም አሉ። የኢዮብ ወዳጆችም 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

እዚያም አፉን የከፈተ አልጠፋም። ሊጠይቀን መጥቶ «እስቲ ራሳችሁን መርምሩ፣ ያለ ምክንያት አይሆንም» አለን። በክፋት ያለው አይመስለኝም። ግን ያቺ ቃል ሌሊት ሌሊት እየመጣች ታንቀኝ ነበር። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ፣ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን በደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ ጌታ ሁለቱንም ነፃ አውጥቷቸዋል። ስንቴ ሰምቼዋለሁ! በጨነቀኝ ሰዓት ግን ጠፋብኝ። የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት፣ በሦስት ቃል። «ልጄ፣ ጥፋትሽ አይደለም።» ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴን «ቀደም ብለህ ብትወስዳት ኖሮ» አልኩት። ያውም ሰው ፊት። አልመለሰልኝም፤ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ያዕቆብ «ምላስ እሳት ነው» ሲል ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። የኔ ጌታ፣ ሰው ፊት ነው ያቆሰልኩህ፤ ይቅርታውንም ሰው ፊት እጠይቅሃለሁ።

የእድራችን አባላት፣ ደም የሰጣችሁ የሰፈር ልጆች፣ የንስሐ አባታችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አብራችሁን ያደራችሁ ነርሶች፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ያልጠራኋችሁ አትቀየሙኝ፣ ጭንቅላቴ ገና አልተመለሰም። ኧረ እህቴን! በስልክ ምንም ሳትል አብራኝ ያለቀሰችውን እህቴን ልረሳት ነበር።

እትዬ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው እኛ ቤት ነው። ትንሿም «እማማ ይምጡ» ብላለች። ፔርሙስዎን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።