ውይይቱ ወደ ዶርም ይውረድ

ለአዘጋጁ፦

ይህ ደብዳቤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደህንነት ጥናት ኢንስቲትዩት የውይይት ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ይመለከታል። ኢንስቲትዩቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የአፍሪካ መሪዎች ስለ አህጉሩ ሰላምና ደህንነት ለሚወያዩበት፣ በባሕር ዳር ለሚካሄደው የጣና ፎረም ጽሕፈት ቤት ሆኖም አገልግሏል። መሪዎችን ማነጋገር ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ይህ ሙያ ይበልጥ የሚፈለገው ግን ተማሪው ዘንድ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከየክልሉ የመጡ ወጣቶችን አንድ ዶርም ውስጥ ያኖራሉ። ልጆቹ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያጠናሉ። ስለሚያስፈራቸው ነገር ግን እምብዛም አይነጋገሩም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉ ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎችም ተዛመተ። ስንቱ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ! ያኔ የተሯሯጥነው እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነበር።

መተማመን በአንድ ቀን ወርክሾፕ አይመጣም። አበል ተከፍሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚበተን ስብሰባ ማንንም አያቀራርብም። እነዚያው ሰዎች ተመላልሰው መገናኘት አለባቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይጠነቀቃል፤ የልብ ቅሬታ የሚወጣው ቆይቶ ነው። ለዚያ ደግሞ ወገን የማይዝ፣ ማዳመጥ የሚችል አወያይ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኢንስቲትዩቱ ከየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረት ጋር ሆኖ በየግቢው ተማሪ አወያዮችን ያሠልጥን። ቡድኖቹ ትንንሽ ይሁኑ፤ ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ይገናኙ። የግቢ ጥበቃዎችና የአካባቢው ነዋሪዎችም ይካተቱ። ሥራው አዲስ ተማሪዎች ግቢ በሚገቡበት ሳምንት ይጀመር።

አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ