የባሕር ውኃ ገንዳ የሚጠይቀው ማጣሪያ ሌላ ነው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ሲያኖር የቆየ ሰው ወደ ባሕር ዓሣ መሻገር ቢፈልግ ውኃውን በጨው ከመለወጥ በቀር ብዙ ወጪ እንደማይጠብቀው፣ የነበረው ማጣሪያም እንዳለ እንደሚያገለግለው ተገልጿል። ገንዳውስ ያገለግላል፤ መስተዋትን ጨው አይበላውም። የማጣሪያው ነገር ግን እንዲህ የቀለለ አይደለም፤ ይህን የምለውም በዚሁ ምክር ዓሣ የገደልሁ ሰው ሆኜ ነው።

የማጣሪያ ትልቁ ሥራ ቆሻሻ መያዝ ሳይሆን ዓሣ የሚያወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ለሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማደሪያ መሆን ነው። ጨው በሌለው ውኃ ያደጉት ባክቴሪያዎች በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያለበት ውኃ በድንገት ሲመጣባቸው አብዛኞቹ ይሞታሉ ወይም ሥራ ያቆማሉ፤ ስለዚህ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ማጣሪያ በዚያች ዕለት ገና ከካርቶኑ እንደወጣ ዕቃ ይሆናል። በዚያ ላይ የባሕር ውኃ ፒኤች (የውኃ አሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) 8.2 አካባቢ ነው፤ ፒኤች በአንድ ነጥብ ከፍ ሲል መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ስለሚጠጋ፣ በቀድሞው ገንዳ ማንንም ያልጎዳ መጠን በአዲሱ ይገድላል። እኔ ጨው ባሟሟሁ በ3ኛው ቀን ሁለት ዓሦች አስገባሁ፤ በ5ኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም ውኃው ላይ ተንጠልጥለው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር፣ ለማታ አልደረሱም። ዓሣ ሳይገባ ጥቂት የአሞኒያ ምንጭ እየጨመሩ፣ መመርመሪያው አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ እስኪያሳይ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ነበረብኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የማጣሪያው ዓይነት ነው። ብዙዎቻችን ያለን ከገንዳው ሥር የሚቀመጠው፣ ክዳኑ የተዘጋ ካኒስተር ነው። ይህ ዕቃ ቆሻሻውን ይይዘዋል እንጂ ከውኃው አያወጣውም፤ የተያዘው ምግብና ኩስ ውኃው እያለፈበት እዚያው ይበሰብስና መጨረሻው ናይትሬት ይሆናል። ዕፅዋት ባሉበት ገንዳ ናይትሬቱን ዕፅዋቱ ይመገቡታል፣ የቀረውንም ውኃ በመለወጥ መቀነስ ይቻላል፤ በባሕር ውኃ ገንዳ ግን እያንዳንዱ የሚለወጥ ባልዲ ጨው ተለክቶ የሚሟሟበት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በተዘጋው ዕቃ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፤ ከሰዓታት በኋላ ፓምፑ ሲነሣ የሚተፋው ውኃ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።

ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ መውጣት ያለበት ለስኪመር ነው። ስኪመር አየርን እንደ ጭጋግ በደቀቁ አረፋዎች ከውኃው ጋር ያዋሕዳል፤ ገና ያልበሰበሰው ቅባትና ፕሮቲን በአረፋዎቹ ገጽ ላይ ተጣብቆ ወደ ላይኛው ኩባያ ይወጣል። ጨው በሌለው ውኃ አረፋዎቹ ቶሎ ተገጣጥመው ስለሚተልቁ ዘዴው በቤት ገንዳ እምብዛም አይሠራም፤ ጨው ግን ደቃቅ እንደሆኑ ያቆያቸዋል። ኩባያውን በየሁለት ሦስት ቀኑ የሚደፋ ሰው፣ በውስጡ ያለውን የጠቆረ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ አንድ ጊዜ ካሸተተ በኋላ ስለ ጥቅሙ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ውኃውንም ያናፍሳል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ጨው የሌለው ውኃ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሲይዝ የባሕር ውኃ ከ7 በታች ነው የሚይዘው።

የባክቴሪያውን ሥራ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ ይወጣዋል፤ በገጹ ላይ አሞኒያው ይለወጣል፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጡ ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ተለውጦ ይተናል። ድንጋይና ስኪመር ብቻ ይዞ መኖር የበርሊን ዘዴ በሚል ስም ከታወቀ ቆይቷል፤ በመካከላቸው ውኃውን በብርቱ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ብቻ ይጨመርበታል።

ከገንዳው ሥር ሁለተኛ ገንዳ አኑሮ ዕቃውን ሁሉ እዚያ መደበቅ ከሁሉ የተሻለ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለዚያ ብዙውን ጊዜ መስተዋቱን መብሳት ይጠይቃል፤ በሙቀት የጠነከረ መስተዋት ከሆነ ደግሞ መሰርሰሪያው እንደነካው ይረግፋል። ውኃ የሞላ ገንዳ ላለው ሰው ከጀርባ የሚንጠለጠል ስኪመር ይበቃዋል።

የድሮውን ካኒስተር መጣል አያስፈልግም። ውስጡን ባዶ አድርጎ፣ አልፎ አልፎ ለውኃ ማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል ለማስገባት፣ ወይም በየጥቂት ቀኑ የሚታጠብ አንድ ስፖንጅ ብቻ ለመያዝ ይጠቅማል። በገንዳው ከዚህ ቀደም መዳብ ያለበት መድኃኒት ገብቶ ከነበረ ግን የውስጡ ስፖንጅና ጠጠር ይወገድ፤ የተረፈው ጥቂት መዳብ ዓሣውን ባይነካ እንኳ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል።

ጽሑፉን አምነው ጨው ሊገዙ የተነሡ አንባቢዎች ስለሚኖሩ፣ ማጣሪያውን የሚመለከተው ክፍል በሚቀጥለው እትም እንዲታረም እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ