ስለ ጭነት ቫናችን የናፍጣ ፍጆታና ስለተሰጠን የጥገና አገልግሎት የቀረበ ቅሬታ

ለተሽከርካሪ ሽያጭና ጥገና ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የቫናችን የናፍጣ ፍጆታ ከመጠን ያለፈበትን ምክንያት ሳትመረምሩ ሾፌራችንን ጥፋተኛ ስላደረጋችሁና ለማያስፈልግ ሥራ ስላስከፈላችሁን

ድርጅታችን ከእናንተ የገዛቸውን ሦስት ተመሳሳይ ባለ ናፍጣ ሞተር የጭነት ቫኖች በዕቃ ማድረስ ሥራ ላይ ያሰማራ ሲሆን፣ ሦስቱም ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ የሚጭኑት ክብደት ተቀራራቢ፣ የሚመላለሱበትም መስመር አንድ ነው። ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው ከሦስቱ አንዷን ብቻ ነው።

በቅድሚያ ቅሬታዬ ያልሆነውን ልናገር። በሽያጭ ወረቀታችሁ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 8.4 ሊትር ተብሎ የሰፈረውን ቁጥር አልከራከርበትም። እንዲህ ያለው ቁጥር ደብሊው ኤል ቲ ፒ በተባለው የሙከራ ሥርዓት፣ ተሽከርካሪው በቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ሆኖ ለ30 ደቂቃ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ የሚገኝ መሆኑን፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 46.5 ኪሎ ሜትር መሆኑን አውቃለሁ። ዕቃ የጫነች ቫን በየደጃፉ እየቆመች፣ ከፊት ለፊት በሚመጣ ነፋስ እየታገለች ስትሠራ ከዚያ በላይ ብትጠጣ አይገርመኝም፤ ሦስቱ ቫኖች በመጀመሪያው ዓመት ከ9.3 እስከ 9.6 ሊትር ሲጠቀሙ አንድም ቀን ስሞታ ያላቀረብነው ስለዚህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ግን የዚህች ቫን ፍጆታ መጀመሪያ ወደ 10.8 ከፍ አለ፣ ቀጥሎም በአንዳንድ ሳምንት 13 ሊትር ደረሰ፤ በ4 ወር ውስጥ በተነዳው 14,000 ኪሎ ሜትር አማካዩ 12.1 ሊትር ሆነ። ይህን ያገኘነው በግምት ሳይሆን፣ ሁልጊዜ በአንድ ማደያና በአንድ መቅጃ፣ መቅጃው ራሱን እስኪዘጋ ድረስ ሞልተን፣ የተቀዳውን ሊትር ኦዶሜትሩ በቆጠረው ኪሎ ሜትር በማካፈል ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጋራዣችሁ በመጣንበት ቀን መኪናዋን የተረከቡን ባለሙያ ዳሽቦርዱ 10.9 ሊትር ስለሚያሳይ አለካካችን የተሳሳተ መሆኑን ነገሩን። የዳሽቦርዱ ቁጥር ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ይህን ያህል ረጭተዋል ተብሎ በኮምፒውተር የሚሰላ ነው፤ ማደያው ያስከፈለን ግን በትክክል ለተቀዳው ሊትር ነው። ደግሞስ 10.9 ራሱ ከሌሎቹ ሁለት ቫኖች ፍጆታ በላይ አይደለም? በሥራ ትእዛዙ ላይ «የአነዳድ ችግር» ተብሎ ተጽፎ ተመለስን። በሁለተኛው ጊዜ የአየር ማጣሪያው ተቀይሮ ከፈልን። በሦስተኛው ጊዜ የጭስ ማጣሪያው በኮምፒውተር ትእዛዝ በግዳጅ እንዲጸዳ ተደርጎ አሁንም ከፈልን፤ በወረቀቱ ግርጌም «ሾፌሩ አነዳዳቸውን ያስተካክሉ» የሚል ምክር ተጨመረ።

እኚህ ሾፌር ከ20 ዓመት በላይ የነዱ፣ በሥራችንም ከማንም በላይ የተረጋጉ ሰው ናቸው። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር የፈጠነች ቫን ግማሽ ያህል የበለጠ ግፊት ይገጥማታል፤ ስለዚህ ሾፌሩ በፍጥነት ይነዳሉ የሚለው ጥርጣሬ ከመነሻው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ቫኖቹን ስታስረክቡን የፍጥነት መገደቢያውን በ95 ላይ ያሰራችሁት እናንተው ናችሁ። ያም ሆኖ ጥርጣሬውን ለመፈተን ሾፌሮቹን ለሁለት ሳምንት አቀያየርናቸው። እሳቸው በሌላኛዋ ቫን 9.4 ሊትር አስመዘገቡ፤ የእሳቸውን ቫን የተረከበው ባልደረባቸው ደግሞ 12.3። የሁለቱንም ደረሰኞች አባሪ አድርገን በሦስተኛው ቀጠሮ አቀረብን፤ ያነበበልን ግን አልነበረም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ምልክቱን ቀድመው ያዩት እሳቸው መሆናቸው ነው። የሞተር ዘይቱ በሁለት ሰርቪስ መካከል ከመቀነስ ይልቅ በመለኪያው ዘንግ ላይ ከፍ ማለቱን፣ ሽታውም ናፍጣ ናፍጣ ማለቱን ለተረካቢያችሁ ነግረዋል፤ በሥራ ትእዛዙ ላይ ግን አንዲት ቃል አልሰፈረችም።

በመጨረሻ አንድ የውጭ መካኒክ የመመርመሪያ መሣሪያውን ሰክቶ አብሯቸው ተጓዘ። 40 ደቂቃ ከተነዳ በኋላም የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት ከ62 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቀረ፤ መድረስ የነበረበት ወደ 90 ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቴርሞስታት ተከፍቶ ቀርቶ ስለነበር ውኃው ሞተሩን ሳያሞቅ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ ሞተሩም ቀኑን ሙሉ እንደ ማለዳ ሞተር ይሠራል፣ ዘይቱ አይቀጥንም፣ ኮምፒውተሩም ለቀዝቃዛ ሞተር የተመደበውን አረጫጨት አይተውም። የጭስ ማጣሪያው ጥቀርሻውን የሚያቃጥለው ጭሱ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ለዚህም ከዋናው ርጭት በኋላ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል። ሞተሩ ስላልሞቀ ማቃጠሉ ሳይጠናቀቅ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀመራል፣ ያልተቃጠለውም ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ይቀላቀላል። በግዳጅ ያጸዳችሁት ማጣሪያ በሳምንቱ የተደፈነውም ሆነ ዘይቱ የጨመረው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን ለማወቅ የሙቀት ንባቡን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃ ነበር።

ቫኗን ለአራተኛ ጊዜ ስናመጣ ቴርሞስታቱን በዋስትናው መሠረት ቀየራችሁ፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። በወረቀቱ ላይ የጻፋችሁት ምክንያት ግን «በደንበኛ ጥያቄ የተቀየረ» የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ በተነዳው 3,000 ኪሎ ሜትር ፍጆታው 9.5 ሊትር ሆኗል።

ስለዚህ ለአየር ማጣሪያውና በግዳጅ ለተደረገው ጽዳት የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን፣ ናፍጣ የተቀላቀለበት ዘይት ከነማጣሪያው በእናንተ ወጪ እንዲቀየር፣ የጭስ ማጣሪያውና የቱርቦው ሁኔታም ተመርምሮ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። በ14,000 ኪሎ ሜትር ከሚገባው በላይ የተቃጠለው ናፍጣ በ100 ኪሎ ሜትር 2.6 ሊትር፣ በድምሩ 364 ሊትር ነው፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት የባከነው የእኛ ዕዳ ነው ቢባል እንኳ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ የባከነውን ልትክሱን ይገባል። ከእነዚህ ሁሉ የማልደራደርበት ግን በቫኗ የጥገና መዝገብ ላይ ስለ አነዳድ የሰፈሩት ሁለት ማስታወሻዎች እንዲሰረዙና ትክክለኛው ምክንያት፣ ማለትም ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት፣ እንዲጻፍ ነው፤ መዝገቡ ቫኗን ወደፊት ለሚገዛም ሰው የሚታይ ነውና፣ ሾፌራችንም በጽሑፍ የተነቀፉትን ያህል በጽሑፍ ነጻ መውጣት ይገባቸዋል።

የነዳጅ መዝገባችንን፣ የአራቱን የሥራ ትእዛዞች ቅጂና የመካኒኩን የሙቀት ንባብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። መልሳችሁን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለሚመለከተው የሸማቾች መብት አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቫኖቹ ባለቤት