ለአባባ፣ ስለ ቀንድ አውጣዋ ነገር

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ምን እንደማጠና ሲጠይቁኝ «የባሕር ቀንድ አውጣ» አልኩዎት። ዝም አሉ። ቆይተው «ለቀንድ አውጣ ብለሽ ነው ከቢቸና ያን ያህል የራቅሽው?» አሉኝ። ካርዱ አለቀና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ይኸው ጻፍኩት፤ ታናሼ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

አፕሊሲያ ትባላለች። እዚህ ካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ላይ አልጌ እየበላች ትኖራለች። የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች አሉት። የእሷ ሁሉም ተደምረው 20,000 ገደማ ናቸው። ጥቂቶቹ እንዲያውም ከትልቅነታቸው የተነሳ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ዛሬ ያየሁትን ሴል ነገ በሌላ አፕሊሲያ ውስጥ እዚያው ቦታው ላይ አገኘዋለሁ። እስካሁን አልለመድኩትም፤ ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል።

አፏ ውስጥ ምላስ የመሰለ መያዣ አላት። ስትበላ መያዣው ተከፍቶ ወደ ፊት ይወጣል፣ ቅጠሉን ጨብጦ ወደ ውስጥ ይመለሳል። የማይበላ ነገር ሲገባባት ደግሞ ጨብጦ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ከፍቶ ባዶውን ይመለሳል። መዋጥና መትፋት ናቸው፤ ተቃራኒ ሥራዎች። ግን የሚያሠሩት የነርቭ ሴሎች በአብዛኛው እነዚያው ናቸው። ዋናው ልዩነት የመጨበጫው ሰዓት ነው፤ ሲወጣ ይጨብጣል ወይስ ሲመለስ?

ይህን ስማር ዳልቻና ቦራ ትዝ አሉኝ። ሰኔ ላይ ቀንበር ጭነውባቸው ያርሳሉ። ጥር ላይ ቀንበሩን አውርደው አውድማ ላይ ያበራዩባቸዋል። ለእርሻ አንድ ጥማድ፣ ለውቂያ ሌላ ጥማድ አልነበረንም እኮ። በሬዎቹ እነዚያው ናቸው፤ አነዳድዎ ነው የሚለየው።

ትሪቶኒያ የምትባል ሌላም የባሕር ቀንድ አውጣ አለች። አዳኟ ኮከብ ዓሣ ሲነካት ሰውነቷን አንዴ ወደ ጀርባ፣ አንዴ ወደ ሆድ እያጠፈች ዋኝታ ታመልጣለች። ከዚያ ታርፋለች እንዳይሉ፣ መሬት ይዛ በፍጥነት ትሳባለች። ካዋኟት ሴሎች አንዳንዶቹ ዋኝታ ካበቃችም በኋላ ሥራቸውን አያቆሙም፤ መሳቡን ያፋጥኑላታል።

አባባ፣ እኛም ስንተነፍስ፣ ስናኝክ፣ ስንራመድ ምቱን የሚጠብቁልን እንዲህ ያሉ የሴል ቡድኖች አሉን። እርስዎ ከሞፈሩ ኋላ ሲሄዱ እያንዳንዱን እርምጃ መቼ አስበውት ያውቃሉ? በሰው ላይ ፈትቶ ማየቱ ከባድ ነው፤ ብዛቱ አያስጠጋም። በአፕሊሲያ ላይ ግን ይቻላል። ኤሪክ ካንደል የሚባሉ ሐኪም ትምህርትና ትዝታ በነርቮች መካከል እንዴት እንደሚቀመጥ የመረመሩት በዚችው በአፕሊሲያ ነው። በፈረንጆች 2000 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር አግኝተውበታል። ለቀንድ አውጣ ብዬ የራቅሁት ለዚህ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ዳልቻ ከእርሻ ወደ አውድማ ሲዞር ወዲያው ይገባው ነበር፣ ወይስ መጀመሪያ እንደ ትልም ቀጥ ብሎ ልሂድ ይል ነበር? ቦራስ? እኔ ልጅ ስለነበርኩ አላስተዋልኩም። መልስዎን ታናሼ በስልኩ ቀድቶ ይላክልኝ፤ በድምፅዎ መስማት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ