ካርል ማስረከብ ያውቁበት ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ በጎ አድራጎት ድርጅት መስራቾች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። እያንዳንዳቸው እንዴት እንደጀመሩ ጥሩ አድርጋችሁ ተርካችኋል። እንዴት እንዳስረከቡ ግን አንድም መስመር አላገኘሁም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት ወያላው ወደ ካርል አደባባይ የሚሄድ ሰው «ካርል! ካርል!» እያለ ሲጣራ እሰማለሁ። ባለፈው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ ጓደኛውን «ግን ካርል ማነው?» አለው። ጓደኛውም አያውቅም። ጣልቃ ገብቼ ነገርኳቸው። መንገዱ አልበቃኝም።

ካርል ሄይንዝ ቦም ስመ ጥር ተዋናይ ነበሩ። በወጣትነታቸው የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተጫወቱባቸው ፊልሞች በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ዛሬም ይታያሉ። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርበው ተወራረዱ። ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ከሰሃራ በረሃ በታች ባለው በሳህል ለተራቡት ሰዎች አንድ ማርክ (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) አይሰጥም አሉ። እንዳሉትም ሆነ፤ ሲሶው አልሰጠም። ያም ሆኖ ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። እሳቸውም ብሩን ለሌላ ሰው ሰጥተው ወደ ፊልማቸው አልተመለሱም። ኢትዮጵያ መጡ። ባቢሌ መጠለያ ውስጥ የነበሩ ተፈናቃዮችን ይዘው ኤረር ሸለቆ ላይ መንደር መሠረቱ። «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት በ1974 ዓ.ም. ሲቋቋም ካርል 53 ዓመታቸው ነበር።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ጉድጓዱ ነው። እኔ የምወደው አሠራራቸውን ነው። አንድ ወረዳ ይገባሉ። ውኃ፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ፣ የእርከን ሥራ፣ ሁሉንም ከሕዝቡ ጋር ይሠራሉ። ዓመታት ይቆያሉ። ከዚያ ለአካባቢው ሰውና ለመንግሥት አስረክበው ይወጣሉ። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ላይ ያሠሩት እናት ሆስፒታል ዛሬ የመንግሥት ሆስፒታል ነው።

በ2004 ዓ.ም.፣ በ83 ዓመታቸው፣ ድርጅቱንም እንደ ወረዳዎቹ አስረከቡ። 30 ዓመት የመሩትን ቤት በሕይወት እያሉ ለቀቁ። የተረከቧቸው ባለቤታቸው ወ/ሮ አልማዝ ናቸው። ለሚስት መስጠት ምኑ ማስረከብ ነው የሚል አይጠፋም፤ እኔም ጠይቄዋለሁ። ወ/ሮ አልማዝ ግን የጅጅጋ ልጅ፣ የከብት እርባታ ባለሙያ ናቸው። ሥራውን ከሥር ጀምሮ ያውቁታል። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ኃላፊነቱን ለሌሎች ለቀቁ። ካርል በግንቦት 2006 ዓ.ም. ሲያርፉ ድርጅቱ በሩን አልዘጋም። እስካሁን ይሠራል።

እኔ የማውቀው አንድ የሰፈር ማኅበር እንዲህ አልታደለም። መስራቿ ደግ እናት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። 40 የሚሆኑ ልጆች ምሳ ያበሉ ነበር። የማኅበሩ ማህተም ከቦርሳቸው አይወጣም። ባንክ የሚፈርሙትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ድንገት ሲያርፉ ገንዘቡ ባንክ ተቀመጠ፣ ልጆቹ ምሳ አጡ። ፈራሚ ለመቀየር ስንመላለስ አራት ወር አለፈ። ወጥ ቤት የምትሠራው ልጅ ከራሷ ኪስ ሽሮ እየገዛች ጥቂቶቹን ታበላ ነበር። በመጨረሻ እሷም አቃታት። እኛም ኮሚቴ ተብለን ስንቀመጥ «እማማ፣ ሌላ ፈራሚ ይጨመር» ለማለት አፍረን ነበር። ሊሞቱ ነው ያልናቸው እንዳይመስላቸው ብለን።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የበጎ አድራጎት ሰው እንግዳ ባደረጋችሁ ቁጥር «እርስዎ ነገ ባይኖሩ ቼኩን ማን ይፈርማል?» ብላችሁ ጠይቁልን። እኛ ያፈርንበትን ጥያቄ ጋዜጠኛ ቢጠይቀው ማንም አይቀየምም። ከተቻለ ደግሞ አንድ ሪፖርተር ዓለም ከተማ ላኩ። የተረከቡት ሰዎች ሆስፒታሉን እንዴት እንደያዙት ከራሳቸው አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ