ስለ ኢሩኑ ክለብ የተጻፈው ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ገጽ ላይ ስለ አሰልጣኝ ኡናይ ኤምሪ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አርሰናልን በያዙበት ዘመን በየሻይ ቤቱ ስናወድሳቸውም ስንወቅሳቸውም ለከረምን ሰዎች፣ የቤተሰባቸውን የኋላ ታሪክ ማወቅ ደስ ይላል። ይሁንና አሰልጣኙ በ2021 የአብላጫውን ድርሻ የገዙት የኢሩን ከተማው ክለብ ሪያል ኡኒዮን «ታሪክ የሌለው የድንበር ከተማ ቡድን» ተብሎ መታለፉ ትክክል ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንበር የተባለው እውነት ነው። ኢሩን በስፔን የባስክ ግዛት በጊፑዝኮዋ፣ በቢዳሶዋ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ወንዙን የተሻገረ ሰው የፈረንሳይዋን ሄንዳይ ያገኛል። የሁለቱ አገሮች የባቡር ሐዲድ ስፋት ስለሚለያይ መንገደኛውም ጭነቱም እዚያ ባቡር ሲቀይር ኖሯል። ታሪክ የለውም የተባለው ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። በ1913 ስፔን ውስጥ ሁለት ተቀናቃኝ ፌዴሬሽኖች ሁለት የተለያዩ ዋንጫዎችን ሲያዘጋጁ አንደኛውን የወሰደው ራሲንግ ኢሩን ነበር። ይህ ቡድን በ1915 ከከተማው ሌላ ክለብ ከኢሩን ስፖርቲንግ ጋር ተዋሕዶ ሪያል ኡኒዮን ተመሠረተ፤ «ኡኒዮን» ማለትም ኅብረት ማለት ነው። አዲሱ ክለብ የንጉሡን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አንሥቷል፦ በ1918 ማድሪድን 2 ለ 0፣ በ1924 እንደገና ሪያል ማድሪድን 1 ለ 0፣ በ1927 ደግሞ ሌላውን የባስክ ክለብ አሬናስን በተጨማሪ ሰዓት 1 ለ 0 አሸንፎ።

የስፔን ብሔራዊ ቡድን በታሪኩ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው በ1920ው የአንትወርፕ ኦሊምፒክ ሲሆን፣ ዴንማርክን 1 ለ 0 የረታበትን ጎል ያስቆጠረው የኢሩን ልጅና የሪያል ኡኒዮን ተጫዋች ፓትሪሲዮ አራቦላሳ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የክለብ ጓደኛው ሬኔ ፔቲ የፈረንሳይን መለያ ለብሶ ተሰልፏል፤ የድንበር ከተማነት ቁም ነገሩ ለእኔ ይህ ነው። ፔቲ በኋላ መሐንዲስ ሆኖ በናቫራ የየሳን ግድብ ከሠሩት አንዱ ነበር።

ጸሐፊያችሁ የኤምሪ አያት ግብ ጠባቂ እንደነበሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈዋል። ዋናው ወሬ ግን እዚያው ላይ ነበር። የካቲት 10 ቀን 1929 የስፔን ሊግ ሲጀመር ሪያል ኡኒዮን ከኤስፓኞል ጋር ተጫውቶ 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል የኤስፓኞሉ ፒቱስ ፕራት ሲያስቆጥር በሩ ላይ የቆሙት የአሰልጣኙ አያት አንቶኒዮ ኤምሪ ናቸው። የስፔን ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጎልም፣ የሊጉ የመጀመሪያ ጎልም፣ አንዱ በማግባት ሌላው በመግባት፣ ከአንድ ትንሽ ከተማ ክለብ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሊጉን ከመሠረቱት አሥር ክለቦች ስድስቱ የገቡት ቀደም ሲል ዋንጫውን በማንሣታቸው ሲሆን፣ ሪያል ኡኒዮን አንዱ ነው። ከአሥሩም አራቱ የባስክ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ከአራቱ በገጻችሁ የሚነሡት አትሌቲክ ቢልባኦና ሪያል ሶሲዬዳድ ብቻ ናቸው።

ክለቡ ለምን ወደቀ? ብዙ ሰው በእርስ በርስ ጦርነቱ ያመካኛል፤ በእርግጥም በመስከረም 1936 ኢሩን ስትያዝ የከተማዋ ትልቅ ክፍል በእሳት ወድሟል። ነገር ግን ሪያል ኡኒዮን ከአንደኛ ዲቪዚዮን በመጨረሻ ደረጃ የወረደው በ1932፣ ጦርነቱ ከመነሣቱ ከአራት ዓመት በፊት ነው። እኔ እንደማምነው ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። በ1926 ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል ከተፈቀደ በኋላ ትንሽ ከተማ ያፈራችውን ልጅ ይዛ ማቆየት አልቻለችም፤ የክለቡ ተጫዋች ሉዊስ ሬጌይሮም በ1931 ወደ ማድሪድ ክለብ ሄደ። እርሱ በ1937 የባስክ ምርጥ ቡድን አምበል ሆኖ ለጉብኝት ከወጣ በኋላ ሜክሲኮ ውስጥ በስደት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ክለቡ በአብዛኛው የኖረው በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ነው። በ2008 ግን በዋንጫው ሪያል ማድሪድን በጋል ሜዳው 3 ለ 2 ረታ፤ በመልሱ ጨዋታ በርናቤው ላይ 4 ለ 3 ቢሸነፍም ድምር ውጤቱ 6 ለ 6 በመሆኑ ከሜዳ ውጪ ባገባቸው ጎሎች ብልጫ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ከ44 ዓመታት በኋላ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተመለሰ፤ እዚያ የቆየው ግን ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው።

ስለሆነም በሚቀጥለው እትም «ታሪክ የሌለው» የሚለው ሐረግ እንዲታረም፣ የአንቶኒዮ ኤምሪና የ1929ኙ ጎል ጉዳይም በማረሚያው አብሮ እንዲጠቀስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ