ውሃው ከመሞላቱ በፊት መቃብሮቹ ይመዝገቡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለግድብ መሬት ሲለቀቅ ቤት ይቆጠራል፣ ማሳ በሄክታር ይለካል፣ ባሕር ዛፉ እንኳ እንደ ውፍረቱ ይገመታል። መቃብር ግን ብዙ ጊዜ በቅጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የመቃብር ቦታ፦ 1» ተብሎ ይታለፋል። በዚያ «1» ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ሊኖር ይችላል።

ሕጉ ነገሩን አልረሳውም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 135/1999 ለመቃብር ቦታ የሚከፈለው ካሳ የመቃብር ድንጋዩን ለማንሳት፣ ሌላ የመቃብር ቦታ ለማዘጋጀት፣ አፅሙን አዛውሮ ለማሳረፍ፣ እንዲሁም ለሃይማኖታዊና ባህላዊ ሥርዓቱ የሚያስፈልገው ወጪ ተገምቶ እንዲወሰን ይደነግግ ነበር። ደንቡ በ2012 በደንብ ቁጥር 472 ቢተካም ያ የወጪ ዝርዝር ዛሬም ጥሩ መነሻ ነው። ችግሩ ያለው ከስሌቱ በፊት ነው፤ ያልተቆጠረ መቃብር አይሰላም።

ቆጠራው ከሳተላይት ምስል አይሠራም። በቅጽር ውስጥ ያለው መቃብር ድንጋይ ስላለው ይታያል፤ ከቅጽር ውጭ ያለው ግን ሰው ካልጠቆመ አይገኝም። ክርስትና ሳይነሡ፣ ወንዱ 40፣ ሴቷ 80 ቀን ሳይሞላቸው ያረፉ ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስለማይቀበሩ በጓሮ ወይም በዛፍ ሥር ያለ ምልክት ይገኛሉ። ቦታውን ለይተው የሚያውቁት እናቶችና አያቶች ናቸው፤ ቆጣሪዎች ግን የሚጠይቁት አባወራውን ነው። በየጎጡ ሴቶች ለብቻቸው፣ በሴት መዝጋቢ ሊጠየቁ ይገባል። ይህ ካልተደረገ የሕፃናቱ መቃብር በሙሉ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል።

ሁለተኛው ምንጭ የዕድር መዝገብ ነው። ደብተሩ የሟቹን ስምና የቀብሩን ጊዜ ይይዛል፤ ሽማግሌዎች በቦታው ካመለከቱት ጋር ሲተያይ የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ መቃብር ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ሳህን ይተከል (በቀለም የተጻፈ በአንድ ክረምት ይጠፋል)፣ ፎቶ ይነሣ፣ የሟቹ ስም እስከ አያት፣ የቅርብ ዘመዱ ስምና ያለበት ቦታ ይጻፍ። የእጅ ስልክ ጂፒኤስ ብዙ ሜትር ሊስት ይችላል፤ መቃብሮች ደግሞ በአንድ ሜትር ርቀት ተጠጋግተው ስለሚገኙ በጂፒኤስ ብቻ መተማመን የአንዱን አፅም በሌላው ስም ማንሳት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን ወይም ከትልቅ ቋጥኝ ተነሥቶ በሜትር የተለካ ንድፍ የግድ ያስፈልጋል።

እንደ ወሎ ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት አካባቢ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ክርስቲያን ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል። ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ ያደርጋል፤ ቂብላ ደግሞ ከአገራችን ወደ ሰሜን ስለሆነ አካሉ እንዲሁ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፣ ራሱ ግን በምሥራቅ ነው። ከላይ የድንጋዩን አቅጣጫ ብቻ ያየ ቀያሽ ሊለያቸው አይችልም። ባለቤት ባልተገኘለት መቃብር ላይ «የየትኛው እምነት ነው?» የሚለው ጥያቄ ተቆፍሮ ከመነካቱ በፊት በአካባቢው ሽማግሌዎች መመለስ አለበት።

የትኞቹ መቃብሮች ይነሡ የሚለውም በተሳሳተ መስመር ሲወሰን ይታያል። ካርታው ላይ የሚሰመረው የሙሉ ውሃ ከፍታ ነው፤ በሕዳሴ ግድብ ለምሳሌ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር። ከመስመሩ በታች ያለው «ይሰጥማል»፣ ከመስመሩ በላይ ያለው «ተርፏል» ይባላል። ነገር ግን ሐይቁ በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። በጥልቁ ውስጥ ያለ መቃብር ደለል ለብሶ ብዙም ሳይነካ ይቆያል። እጅግ የሚጎዳው ውሃው በሚመላለስበት ዳርቻ ያለው ነው፤ ማዕበሉ አፈሩን ከሥር ይሸረሽራል፣ በበጋ ውሃው ሲሸሽ አፅም ይገለጣል፣ ከብትም ይረግጠዋል። ከመስመሩ ጥቂት ሜትር በላይ ያለው ገደልም እየተናደ መቃብሩን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በዳርቻውና ከዳርቻው በላይ በሚናደው ክፍል ያለውን ሁሉ ማንሳት ቅድሚያ ይሰጠው እንላለን፤ ይነሣ ወይስ ይቅር የሚል ምርጫ ካለ ምርጫው በጥልቁ ላለው መቃብር ነው።

መንገድ የሚቆረጥበት መቃብርም አለ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ የጀመረው የፎንታና ግድብ ከሐይቁ በስተሰሜን ያሉትን የቤተሰብ መቃብሮች አላሰጠማቸውም፤ የሚያደርሰውን መንገድ ነው ያሰጠመው። በ1943 በተፈረመ ስምምነት ምትክ መንገድ እንደሚሠራ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ጥቂት ማይል ተሠርቶ ቆመ። በ2010 የፌዴራል መንግሥት ለስዌይን አውራጃ በመንገዱ ፋንታ 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቤተሰቦቹ መቃብር ለማጽዳት የሚሻገሩት የብሔራዊ ፓርኩ አገልግሎት በሚያቀርበው ጀልባ ነው። የእኛም መዝገብ «ይሰጥማል» እና «ይተርፋል» ከሚሉት ጎን «መንገዱ ይቆረጣል» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልገዋል።

ማዛወሩ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? አንድ መቃብር 2 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ወደ 2.4 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። አራት ቆፋሪና አንድ መዝጋቢ ያሉት ቡድን መጨረሻውን በእጅና በብሩሽ እየሠራ፣ ጉድጓዱንም መልሶ እየሞላ፣ በቀን ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ በጥንቃቄ ሊያነሣ አይችልም። ሦስት መቶ መቃብር ማለት ለአንድ ቡድን ወደ 120 የሥራ ቀን ነው፤ በዓላት ሲቀነሱ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለውን በጋ ይጨርሳል። ውሃ መያዝ ደግሞ በክረምት ይጀመራል። እንግዲህ አንዱ በጋ ለቆጠራና ለስምምነት፣ ቀጣዩ ለማዛወር ካልተመደበ ሥራው በመጨረሻው ወር በኤክስካቫተር ይሆናል። በኤክስካቫተር አፅም ማንሳት አይቻልም፤ የሚነሣው የተደባለቀ አፈር ነው።

አሲዳማ በሆነው የደጋ ቀይ አፈር የቆየ አፅም ሟሙቶ ሊጠፋ ይችላል፤ የሚቀረው ጠቆር ያለ የአፈር መልክ ብቻ ነው። «ምንም የለም» ብሎ መዝጋት አይገባም፤ ያ አፈር ተነሥቶ በሳጥን ይቀመጥ፣ በስሙም ይረፍ። በመረሬ አፈር ደግሞ መሬቱ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲሰነጠቅ የላዩ ድንጋይ ከቦታው ስለሚንሸራተት በድንጋዩ ዙሪያ ሰፋ አድርጎ መጀመር ይሻላል። ለአፅም 60 በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ይበቃል፤ የመቃብሩ ቁጥር ከውጭም ከውስጥም ይጻፍበት። ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ቀብር ከሆነ ግን ሙሉ ሳጥን፣ ጓንት፣ ጭምብልና የጤና ባለሙያ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የኳቢን የውሃ ማጠራቀሚያ ሲሠራ ከ34 የመቃብር ቦታዎች 7,613 መቃብሮች ተነሥተዋል፤ አብዛኞቹ ለዚሁ በተዘጋጀ አንድ መካነ መቃብር ሲያርፉ በማጠራቀሚያው ቦታ የነበሩት አራት ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1938 ፈረሱ። በቴነሲ ሸለቆ የኖሪስ ግድብ ብቻ ከ5 ሺህ በላይ መቃብር አስነሥቷል፤ ቤተሰቦች ተጠይቀው ይነሣ ያሉት ተነሣ፣ ይቅር ያሉት ቀረ፣ የሁለቱም ስም ተመዘገበ።

የማንሳት ወይም የመተው ውሳኔ የቤተሰቡ ነው፤ ሥርዓቱ የሃይማኖቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲዛወር ታቦቱ በክብር ወጥቶ ቅጽሩ ከነመቃብሩ እንዳይቀር ፍልሰተ አፅሙ ከሀገረ ስብከቱ ጋር በአንድ መርሐ ግብር ይያዝ። በእስልምና መቃብር መክፈት ያለ አስገዳጅ ምክንያት ስለማይፈቀድ ዑለማዎች ቦታውን አይተው አስቀድመው ይወስኑ። የሚተወው መቃብር በትልልቅ ድንጋይ ወይም በኮንክሪት ይከደን፤ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ያለ አዲስ የእንጨት ሳጥን አፈሩ ሲርስ ሊንሳፈፍ ይችላል።

የቀበሌው ነዋሪ ብቻ ባለቤት አይደለም። ልጆቹ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያሉ አሉ፤ በጎንደር ዙሪያ የሚገኙ የቤተ እስራኤል መቃብሮች ባለቤቶች ደግሞ እስራኤል ናቸው። እነዚህ ካሳ ጠያቂ ሆነው በቀበሌ አይቀርቡም። በኦሞ ወንዝ ላይ ለሚሠራው ኮይሻም ሆነ ወደፊት ለሚጀመሩ ግድቦች የመቃብሮቹ ስም ዝርዝር በቀበሌ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በር ላይ ቢያንስ ለሦስት ወር ይለጠፍ፣ በሬዲዮ ይነበብ፣ በጋዜጣም ይውጣ፤ ወጪውም ገና ከጅምሩ በግድቡ በጀት ላይ ራሱን የቻለ ርዕስ ይሰጠው።

በግድብ ተነሺዎች ጉዳይ የሚሠሩ ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ